ሁለት ዝንብ በአንድ ክር፦ መንጠቆ ሲቆጠር የተረሳው ሐይቅ

ጁን 13 ቀን 1992 ቅዳሜ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስኮትላንድ፣ ከኪንሮስ ከተማ አጠገብ የተኛው ሎክ ሌቨን ሐይቅ በዚያ ዕለት ውኃ መምሰሉን ትቶ ነበር። አረንጓዴ አልጌ ፊቱን ሸፍኖት፣ ዳር ዳሩን እንደ ተደፋ ቀለም ተጋግሮበት ዋለ። የአገሩ ሰው ለቀኑ ስም አወጣለት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአተላ ቅዳሜ» እንደ ማለት ነው። ስሙ እስከ ዛሬ በሳይንስ ጽሑፎች ሳይቀር ይጠራል።

ሐይቁ ተራ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ ወሬው ከወረዳው ባላለፈ ነበር። ሎክ ሌቨን ግን በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ከዓለም ስመ ጥር ውኃዎች አንዱ ነው። በአንድ ክር ላይ ሁለትና ሦስት ዝንብ አስሮ፣ ነፋስ ከሚገፋት ጀልባ ላይ ወደ ፊት መወርወር ሥርዓት የያዘውና «የሎክ ሌቨን ዘዴ» ተብሎ የተሰየመው በዚህ ውኃ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች ስንት መንጠቆ ይፈቀድ፣ ስንቱ ይከልከል እያሉ ተከራክረዋል፤ ደንብ አውጥተዋል፤ ዳኛ አቁመዋል። ወደ ውኃው የሚገባውን ነገር ግን ለረጅም ዘመን በዚያ ጥንቃቄ የቆጠረው አልነበረም።

ስለዚህ ይህ የሁለት ዝንብ ታሪክ የአጥማጆች ጨዋታ ታሪክ ብቻ አይደለም። ደንብ ምን እንደሚቆጥርና ምን ሳይቆጥር እንደሚያልፍ ያሳያል።

ዝንብ የተባለው ምንድን ነው?

ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ሱፍና ክር ተጠምጥሞበት ነፍሳት እንዲመስል የተሠራ ማታለያ ነው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ወፈር ያለው የማጥመጃ ገመድ በዘንጉ ግፊት ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተዘረጋ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቀጭን ክርና ዝንብ ይዞት ይሄዳል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ ግድም፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ አስረው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። በእንግሊዝ አገር በ1496 የታተመ የማጥመድ መመሪያ 12 ዓይነት ዝንብ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። እነዚህ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ወንዝ ነው። ወንዝ ላይ ደግሞ አጥማጁ ትልቅ አጋዥ አለው፤ ወራጁ ውኃ። ዓሣው አንድ ቦታ ቆሞ አፉን ወደ ወራጁ ያዞራል፤ ምግቡን ውኃው ያመጣለታል። አጥማጁ ዝንቡን ከላይ በኩል ጥሎ ወራጁ እንዲያደርስለት ማድረግ ይችላል።

ሐይቅ ግን ሌላ ነው። የቆመ ውኃ ምግብ አያመጣም። ዓሣው ራሱ እየዞረ ይፈልጋል። ዛሬ ጧት ከፊቱ አጠገብ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሜትር ወርዶ ከጭቃው በላይ ያንዣብባል። ጀልባ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያየው አንድ የውኃ ገጽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አያይም። የሁለቱ ዝንብ ብልሃት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ለምን ሁለት?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። የሐይቅ አጥማጅ ግን ሁለቱንም ዛፍ ባንድ ጊዜ ሊወጣ ይሞክራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከወፍራሙ ገመድ ጫፍ አራት ወይም አምስት ሜትር የሚሆን ቀጭን ክር ይቀጠላል። በክሩ መጨረሻ አንድ ዝንብ ይታሰራል፤ ይህ የጫፍ ዝንብ ነው። ከእሱ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ክሩ ላይ መገጣጠሚያ ይሠራል፦ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይደረቡና አንድ ላይ ሦስት ጊዜ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋሉ። ቋጠሮው በምራቅ ረጥቦ ሲጠብቅ ከተረፉት ጫፎች አንዱ አይቆረጥም፤ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ እንደ ቅርንጫፍ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ዝንብ የሚታሰረው በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ከረዘመ በዋናው ክር ላይ ይጠመጠማል፤ ካጠረ ደግሞ ዝንቡ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም።

ሌላም መንገድ አለ። ቅርንጫፉን ትቶ፣ ከላይኛው ዝንብ መንጠቆ መታጠፊያ ላይ ሌላ ክር አስሮ ሁለተኛውን ዝንብ ማንጠልጠል። ለመሥራት ይፈጥናል፤ አይጠላለፍም። የላይኛው ዝንብ ግን ከፊትም ከኋላም ስለ ታሰረ እንቅስቃሴው ይታፈናል።

ሁለቱ ዝንቦች አንድ ዓይነት አይደረጉም። ብዙውን ጊዜ ከባዱ ወይም ቀጭኑ በጫፍ ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል። ላባው የበዛው በቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ውኃው ፊት ይጠጋል። አጥማጁ ገመዱን እየሳበ ዘንጉን ቀስ ብሎ ከፍ ሲያደርግ የላይኛው ዝንብ በገጹ ላይ እየዘለለ ይመጣል። በሎክ ሌቨን ዘዴ ዋናው ቅጽበት ይህ ነው። ዓሣው የላይኛውን አይቶ ይነሣል፤ አንዳንዴ ይወስደዋል። አንዳንዴ ተጠራጥሮ ይመለስና ከሥር የሚከተለውን ሁለተኛ ዝንብ ይጎርሳል። የላይኛው ጠርቶት የታችኛው ይዞታል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱ ዝንቦች መረጃ ይሰጣሉ። ሦስት ዓሣ ተከታትሎ በታችኛው ከተያዘ፣ ዓሣው ታች ነው፤ የላይኛውም ይቀየራል። ሁሉም በላይኛው ከመጡ ከባዱን ማስመጥ ልፋት ነው። የማያየውን ውኃ የሚያነበው በዚህ ነው።

ዋጋም አለው። ነፋስ ሲበረታ ሁለት ዝንብ ይጠላለፋል፤ ሦስት ሲሆን ይብሳል። ዓሣ በአንዱ ተይዞ ወደ ሣር ሲሮጥ፣ ባዶው መንጠቆ ሣሩን ይዞ ክሩ ይበጠሳል። ዓሣውን ለማውጣት እጁን የሚሰድ ሰውም ሁለተኛው መንጠቆ የት እንዳለ ካላየ ጣቱን ይወጋል። ለዚህ ነው ብዙዎች ሦስትና አራቱን ትተው በሁለት የሚጸኑት።

የአንድ ዝንብ ክብር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ የዝንብ ቁጥር የብልሃት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የማዕረግም ጥያቄ ሆነ።

ስኮትላንዳዊው ደብልዩ ሲ ስቱዋርት በ1857 ባሳተመው የማጥመድ መጽሐፍ ብዙ ዝንብ በአንድ ክር መጠቀምን እንደ ተራ ነገር አድርጎ ይገልጻል። ለእሱ ጥያቄው ዓሣ ይያዛል ወይስ አይያዝም ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ ግን በ1886 እና በ1889 ባወጣቸው መጻሕፍት ሌላ ሥርዓት አጸና። በደቡብ እንግሊዝ፣ እንደ ቴስት ባሉ ጥርት ያሉ ወንዞች፣ አጥማጅ በመጀመሪያ ዓሣውን በዓይኑ ማየት አለበት። ዓሣው የሚበላውን ነፍሳት ለይቶ፣ አንድ ተንሳፋፊ ዝንብ ብቻ ከታች ወደ ላይ ይጥልለታል። በሃልፎርድ ተከታዮች ዘንድ ይህ ከዘዴነት አልፎ የጨዋነት መለኪያ ሆነ። የሚሰምጥ ዝንብ፣ ይልቁንም ብዙ ሆኖ የታሰረ፣ እንደ ማጭበርበር ይታይ ጀመር።

ጂ ኢ ኤም ስኩዝ የተባለ የሕግ ሰው በ1910 ባወጣው መጽሐፍ የሰመጠ ዝንብም በእነዚያው ወንዞች ተገቢ ቦታ እንዳለው ተከራከረ። ክርክሩ እስከ 1938 ዘልቆ በለንደን የዝንብ አጥማጆች ክበብ ውስጥ ይፋ ሙግት ተካሄደበት።

ይህ ሁሉ ለውጭ ተመልካች ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የወንዙ ዳር የማን ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚያ የደቡብ ወንዞች በባለ ርስቶች እጅ ነበሩ። በዳራቸው ቆሞ ለማጥመድ ኪራይ መክፈል ወይም የክበብ አባል መሆን ግድ ነበር። ዓሣው ሲነሣ እስኪታይ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ የሚችል ሰው ቀን ሙሉ ሥራ የማይጠብቀው ሰው ነው። አንዱን ዝንብ ክቡር ያደረገው ዓሣው ሳይሆን የአጥማጁ ጊዜና ኪስ ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ላለው ሠራተኛ ግን ሁለት ዝንብ ማሰር ስስት አልነበረም።

በሰሜን፣ በሎክ ሌቨን፣ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሐይቁ የግል ርስት ቢሆንም ጀልባ በክፍያ ይከራያል። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ መረቡ ቦታውን ለዘንግ እየለቀቀ ሄደ። በ1880 የስኮትላንድ የአጥማጅ ክበቦች ብሔራዊ ውድድር እዚህ ተደረገ። ውድድር ባለበት ደንብ አለ፤ ደንብ ባለበት ደግሞ ቆጠራ። ዛሬም በዓለም አቀፍ የዝንብ ማጥመድ ውድድሮች በአንድ ክር የሚፈቀደው እስከ 3 ዝንብ ነው። በካናዳ፣ በሐይቆቿ ስም ባተረፈችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ነው። ያው ዓሣ፣ ያው የቆመ ውኃ፣ የተለያየ ቁጥር።

የቧንቧ ውኃ የከፈተው በር

የሐይቅ ማጥመድን ለብዙ ሰው የከፈተው አጥማጅ አይደለም፤ የከተሞች ጥም ነው። ኢንዱስትሪ ያበጣቸው የእንግሊዝ ከተሞች ንጹሕ ውኃ ፈለጉ። ሸለቆዎች እየተገደቡ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሆኑ። የብሪስቶልን ከተማ ለማጠጣት የተሠራው ብላግደን በ1904 ለማጥመድ ተከፈተ። ትራውት ተለቀቀበት፤ በአዲስ በተጥለቀለቀው መሬት ምግብ ስለ በዛ ዓሣው ባልተለመደ ፍጥነት ፋፋ።

በብላግደን ከሚያጠምዱት መካከል ሃዋርድ ቤል የተባለ ሐኪም ነበር። ዓሣ በያዘ ቁጥር ሆዱን ከፍቶ የበላውን ይመረምር ነበር። ያገኘው ብዙው ምግብ በወንዝ መጻሕፍት የተወደሱት ባለ ውብ ክንፍ ነፍሳት አልነበረም። ሰው የማትነክስ የሐይቅ ትንኝ ነበረች። እጯ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ትኖራለች፤ ጊዜዋ ሲደርስ ክንፍ ሳታወጣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላ ትነሣለች። በገጹ ላይ ቆዳዋን ጥላ ትበራለች። በዚያ ጉዞ ላይ፣ ከጭቃው እስከ ገጹ ባለው ርቀት ሁሉ፣ ዓሣ ይጠብቃታል።

ይህ ግኝት ለሁለቱ ዝንብ ሙሉ ምክንያት ሰጠው። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ሲሆን የትንኟን መንገድ ሁለት ቦታ ላይ ይሸፍናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቹ ቫሊ በ1950ዎቹ፣ ግራፋም በ1966፣ ቀጥሎም ረትላንድ ሲከፈቱ ዘዴው አብሮ ተስፋፋ። ርስት የሌለው፣ ክበብ የማያውቀው ሰው የቀን ትኬት ቆርጦ ከዳር ቆሞ መወርወር ቻለ። ከእነዚህ አንዱ አርተር ኮቭ ነው። በረጅም ክር ላይ ቀላል ዝንቦች አስሮ እጅግ በዝግታ በመሳብ ስም አተረፈ። የመኳንንቱ ወንዝ የናቀው ዘዴ በሕዝብ የውኃ ግድብ ላይ ዋና ትምህርት ሆነ።

ደንቡ ያልቆጠረው

ወደ ሎክ ሌቨን እንመለስ። ሐይቁ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 4 ሜትር እንኳ አይሞላም። ትራውቱን ያበዛው ይህ ጥልቅ አለመሆኑ ነው፤ ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርሳል፣ ምግብ ይበቅላል። ለብክለት ያጋለጠውም ያው ነው።

ሰው እጁን ያስገባበት ገና ቀድሞ ነው። በ1830 አካባቢ በወንዙ ታች ላሉት ወፍጮዎችና ፋብሪካዎች የተመጣጠነ ውኃ ለማግኘት፣ መሬትም ለማትረፍ፣ የሐይቁ ከፍታ በአንድ ሜትር ተኩል ግድም ዝቅ ተደረገ። ስፋቱ በሩብ ያህል ቀነሰ። በ1567 ንግሥት ሜሪ ታስራበት የነበረው ቤተ መንግሥት የቆመባት ደሴት ከዚያ ወዲህ ከቀድሞው ሰፍታለች፤ ውኃው ሸሽቷታልና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የከተማው ፍሳሽ፣ የሱፍ ፋብሪካ ዝቃጭና ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ ፎስፈረስ አመጡ። ፎስፈረስ በእርሻ ላይ ሰብል ያሳድጋል፤ በሐይቅ ውስጥ የሚያሳድገው አልጌ ነው። አልጌው ሲበዛ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ከወለሉ የሚበቅለው ተክል ይጠፋል፣ ከተክሉ ጋር የሚኖረውም ነፍሳት ይመናመናል። የላይኛው ዝንብ የሚነካው ገጽ ያምራል ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ የታችኛው ዝንብ የሚደርስበት ወለል ግን እየታመመ ነበር።

ሳይንቲስቶች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐይቁን ሳያቋርጡ ለክተዋል። ችግሩ አይታወቅም ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በቁጥር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እና በአፍንጫ የሚሸት ማስጠንቀቂያ አንድ አይደሉም። የፋብሪካው ፎስፈረስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ የፍሳሽ ማጣሪያዎችም ተሻሻሉ። በ1985 በዓመት ወደ 20 ቶን ገደማ ይገባ የነበረው ፎስፈረስ በ1995 ወደ 8 ቶን ገደማ ወረደ። «የአተላ ቅዳሜ» የመጣው በዚህ መካከል ነው፤ የሚገባው መቀነስ ከጀመረ በኋላ።

ለምን? ሐይቁ ያለፈውን በጭቃው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የገባው ፎስፈረስ ወለሉ ላይ ተከማችቶ፣ በየበጋው ውኃው ሲሞቅ እንደገና ወደ ላይ ይለቀቅ ነበር። ቧንቧው ቢዘጋም ዕዳው ከታች ይከፈላል። ያ ቅዳሜ ለአካባቢው ከማጥመድና ከጎብኚ የሚገኘውን ገቢ ጎዳው። ከ1993 ጀምሮ ለዓመታት ሌላ ዝርያ፣ ቀስተ ደመና ትራውት፣ ወደ ሐይቁ ተለቀቀ። በ1999 የተፋሰሱ ሁሉ የእንክብካቤ ዕቅድ ወጣ፤ ገበሬውን፣ የከተማውን ቤት ሠሪና የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ባንድ ጠረጴዛ ያየ ዕቅድ። ውኃው ጠርቶ ተክሎቹ ወደ ጥልቁ መመለስ የጀመሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል። የሐይቅ ግማት ግን ከወለሉ ነው የሚጀምረው፤ አናት ላይ ሲታይ ዘግይቷል።

ከሌቨን እስከ ባሌ

የሎክ ሌቨን ትራውት በሐይቁ ብቻ አልቀረም። በስተርሊንግ አቅራቢያ በ1870ዎቹ የተቋቋመው የሃዊታውን የዓሣ ማራቢያ ዘሩን አባዝቶ ወደ ብዙ አገር ላከ። በ1885 እንቁላሉ አሜሪካ ደረሰ። በ1905 ኢዋርት ግሮጋን የተባለ ሰፋሪ ከሎክ ሌቨን የመጣ እንቁላል ወደ ኬንያ አስገብቶ፣ በአበርዴር ተራሮች ጉራ በተባለ ወንዝ ውስጥ አስለቀቀው። ቅኝ ገዢው መሬቱን ሲይዝ የለመደውን ዓሣም ይዞ መጣ። በተራራው ሥር የሚኖረው ሰው ግን ስለ ወንዙ አልተጠየቀም።

ከኬንያ ደግሞ ትራውት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ዛሬ በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ ባሉ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የሚዋኘው ትራውት መነሻው ይኸው የኬንያ ዘር ነው። ዘንግ የያዙ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ወራጅ ውኃ ስለሆነ ሁለት ዝንብ ማሰር የግድ አይደለም፤ የሚያስር ግን አይጠፋም።

በባሌም ቢሆን ስንት ዝንብ፣ ስንት ዓሣ፣ በስንት ብር ፈቃድ የሚል ደንብ ማውጣት ከባድ አይደለም። መንጠቆ በጣት ይቆጠራል። አጥማጁ ይታያል፤ ስሙ ይመዘገባል፤ ካጠፋ ይቀጣል። ከወንዙ በላይ ያለው የግጦሽ መሬት፣ የሚታረሰው ዳገት፣ የከተማው ፍሳሽ ግን አንድ ስም የለውም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣበታል። ሎክ ሌቨን የተጎዳው ይህን የሁሉንም መዋጮ የሚቆጥር በመጥፋቱ ነው። ለመዳንም ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ያውም ገንዘብ፣ ላቦራቶሪና የተሟላ መዝገብ ባለበት አገር።

ሁለት ዝንብ ማሰርን ያመጣው አጥማጅ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ሐይቅ በገጹ ብቻ አይታወቅም። ለዚያም ነው አንዱን ዝንብ ወደ ታች የላከው። ደንብ የሚያወጡት ሰዎች ይህን ከእሱ ቢማሩ ኖሮ፣ በዚያ ቅዳሜ የኪንሮስ ሰው አፍንጫውን ባልያዘ ነበር።